የቤት ሠራተኞች የመኖሪያ መብት በካናዳ

የካናዳ መንግሥት በ1955 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከጃማይካና ከባርባዶስ 100 ሴቶችን ለቤት ሥራ አስመጣ። የተፈለጉት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሚደርስ፤ ባልም ልጅም የሌላቸው ነበሩ። ከመጡትም መካከል በአገራቸው አስተማሪ የነበሩ ይገኙባቸዋል። ሥራው ዝቅተኛ ቢሆንም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ ይኸውም ሴቲቱ ገና ስትገባ ቋሚ የመኖሪያ መብት ታገኝ ነበር። አንድ ዓመት ካገለገለች በኋላም ወደ ፈለገችው ሥራ መሄድ ትችላለች።

በ1973 የወጣው ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ግን ይህን ገለበጠው። ፈቃዱ በአሠሪዋ ስም የተጻፈ ስለ ሆነ፤ ከእመቤቷ ጋር የተጣላች ሠራተኛ እንጀራዋን ብቻ ሳይሆን በአገሩ የመኖር መብቷንም ታጣለች። በእኔ አስተያየት ከደመወዝ ማነስ ይልቅ የሚከፋው ይህ ነው፤ ደመወዝ አነሰኝ ብሎ ለመናገር እንኳ መብት ያስፈልጋልና።

ቋሚ መብት የነበራቸውም ቢሆኑ አላረፉም። ልጆች እንዳሏቸው ሳያስታውቁ የገቡ ሰባት የጃማይካ እናቶች፤ በኋላ ልጆቻቸውን ለማስመጣት ቢያመለክቱ ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። ደጋፊዎቻቸው ለሥራ የበቃ ሰው ለመኖርም ይበቃል እያሉ ተከራከሩላቸው፤ በ1979 እንዲቀመጡ ተፈቀደ። በ1981 በወጣው ደንብ ሁለት ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ እዚያው ሆና ቋሚ መኖሪያ ለመጠየቅ ቻለች፤ ነገር ግን በአሠሪዋ ቤት ማደር ነበረባት። ይህ ግዴታ የተነሣው በ2014 ነው።