የትከሻ ውልቃት በካያክ ቀዛፊዎች ላይ
ካያክ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ ነው። በተራራ ጅረት ላይ ጀልባው ሊገለበጥ ሲል ቀዛፊው መቅዘፊያውን ከራሱ በላይ ወደ ኋላ ከዘረጋ፣ የውኃው ኃይል የክንዱን አጥንት ከትከሻው መጋጠሚያ ሊያወጣው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ወደ ፊት ነው። ትከሻው ክብ ቅርጹን ያጣል፤ ሕመሙም ከባድ ነው።

ክንዱን ባለበት አኳኋን በነጠላ ወይም በሻርፕ ደግፈው ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ራጅ ሳይነሳ ወጌሻም ቢሆን አይጎትተው፤ ስብራት አብሮ ሊኖር፣ ነርቭ ወይም የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። የተጎዳው እጅ ጣቶች ከሌላው ይልቅ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ (ውኃው ሁለቱንም ያቀዘቅዛልና አነጻጽሩ) ጊዜ አይሰጥም።

በተለይ ወጣቶች ላይ ትከሻው ተመልሶ ሊወልቅ ይችላል፤ ጅረት ውስጥ ከሆነ ደግሞ መዋኘት ያቅታል። ስለዚህ ሕመሙ ቢጠፋም ፊዚዮቴራፒውን አያቋርጡ።