መቅድም፦ ከቂርቆስ ደጅ እስከ አፍሪካ አዳራሽ

የጽርእ ሊቃውንት «ፕሮኢምዮን»፣ ሮማውያንም «ኤክሶርዲየም» ያሉትን የንግግር መክፈቻ፣ የእኛ መምህራን ቀደመ ከሚለው የግእዝ ግስ አውጥተው «መቅድም» ብለውታል። የሮማይስጡ ቃል ከሽመና የተወሰደ ሲሆን ድር ዘርግቶ መጀመርን ያመለክታል፤ ድሩን ሳይዘረጋ መወርወሪያውን የሚያነሣ ሸማኔ የለምና፣ ምሳሌው ለእኛም እንግዳ አይደለም። የመቅድሙም ግብር የሰሚውን በጎ ፈቃድ፣ ዕዝነ ልቡናና ለመማር መሰናዳት ማግኘት እንደ ሆነ የሮማ መምህራን አስተምረዋል።

በቅዱስ ቂርቆስ ደብር አጠገብ ያደገ ሰው ግን ይህን የሚያውቀው ከዐውደ ምሕረት ነው፤ ካህኑ መስቀሉን ጨብጦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ሲል፣ በዛፉ ጥላ የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው «አሜን» እስኪሉ ድረስ ወደ ፍሬ ነገሩ አይገባም። ተአምረ ማርያምም ቢሆን መቅድሙ ሳይቀድም አይነበብም።

መቅድም ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻ አይወሰንም፤ በአዲስ አበባ፣ በካዛንቺስ አጠገብ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ቆሟል። እንግዳውን አስቀድሞ የሚቀበለው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት ነው፤ የሕንጻው መቅድም ብለው የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። በዚሁ አዳራሽ፣ ግንቦት 14 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነጻ አፍሪካን መሪዎች ጉባኤ ሲከፍቱ፣ እንደ ባለቤት በራሳቸው፣ በመንግሥታቸውና በሕዝባቸው ስም የእንኳን ደኅና መጣችሁ ሰላምታ ካስቀደሙ በኋላ ነበር ወደ ነጻነትና አንድነት ጉዳይ የተሻገሩት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተርም ከ3 ቀን በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን፣ ተፈረመ።