ከልዕልቲቱ ሆስፒታል እስከ ደስታ መንደር

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነርስ ነበሩ። ቤተሰባቸው እንግሊዝ አገር በስደት ሳለ ለንደን በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው ሕሙማንን አስታመዋል። ከነፃነት በኋላ ትዳር ይዘው ወለጋ ወረዱ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1942 ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ፤ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። የንጉሥ ልጅነትም ነርስነትም ከዚያች ቀን አላዳናቸውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ ገንዘብ አሰባስበው፣ በ1951 የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ኋላ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ነው። ለሆስፒታሉ የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ተፈልጎ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ማስታወቂያ ወጣ። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና የኒውዚላንድ ተወላጁ ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው በ1959 ደረሱ። ውላቸው ለሦስት ዓመት ነበር።

ያላሰቡት ነገር ጠበቃቸው። ምጥ ቀናት ሲያስቆጥር የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቱን ሥጋ ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞትና በፊኛዋና በብልቷ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ፊስቱላ ይህ ነው። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እልልታ የለም፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ጎረቤት፣ የሚገነፋ ገንፎ የለም። ሽንቷ ግን ቀንም ሌትም ይፈሳል። ብዙ ጊዜ ባል ይርቃል። እሷም ሽታው ሰው እንዳያስቀይም ከቤተ ክርስቲያኑም ከለቅሶ ቤቱም ትቀራለች። ሐኪም ቤት ሩቅ፣ መንገዱ ገደል፣ እጅ ባዶ ለሆነበት ቤተሰብ የመጣ መከራ ነውና እኔ የድህነት ቁስል እለዋለሁ።

ሃምሊኖቹ ከዚያ በፊት ፊስቱላ አይተው አያውቁም ነበር። የቀደሙ ቀዶ ሐኪሞችን ጽሑፍ እያገላበጡ መስፋቱን ተማሩ። ወሬው አገር ለአገር ሲዳረስ ሴቶቹ በእግራቸው፣ ተሳፋሪ ካላስወረዳቸውም በአውቶቡስ እየመጡ ደጁን ሞሉት። ሬጂናልድ «የፊስቱላ ተሳላሚዎች» ይሏቸው ነበር። ሃምሊኖቹ የመጡለት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ግን ጥቂቶችን አስመርቆ በገንዘብ እጥረት ተዘጋ። ይህን ሳስብ ይቆጨኛል፤ ቁስሉን የሚሰፋ እጅ ተገኝቶ፣ ቁስሉን የሚያስቀረው እጅ ጠፋ።

ከነዚያ ተሳላሚዎች አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በ1962፣ ገና ለጋ ወጣት ሳሉ፣ አራት ቀን አምጠው ልጃቸውን አጡና ወደ ሃምሊኖቹ መጡ። ሲሻላቸው እዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያ በሬጂናልድ አጠገብ ቆሞ መስፋት። መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው ሌሎች ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ሲሰጥ ከሃምሊኖቹ ጋር አብረው ተሸለሙ።

ጥንዶቹ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። አብዮቱ ፈንድቶ ብዙ የውጭ ሰው ጓዙን ሲጠቀልል እነሱ ቆዩ። ሕክምናው በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ በነፃ ነበር። የዳነች ሴት ስትሸኝ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል፤ የመሳፈሪያዋም ይታሰባል። ለዓመታት ልብሷ አንድ ቀን ደርቆ የማያውቅ ሴት፣ ያንን ቀሚስ ለብሳ አውቶቡስ ውስጥ ከሰው ጎን ትቀመጣለች።

ሬጂናልድ በ1993 አረፉ፤ ካትሪን ግን ሥራውን ቀጠሉ። ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ላልተጠገነ ሴቶች ከከተማው ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተሠራ። በ2007 ደግሞ እዚያው የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከገጠር የተመለመሉ ተማሪዎች ተመርቀው ወደየመጡበት ገጠር ይመለሳሉ። የላንሴቱ ማስታወቂያ ሃምሊኖቹን የጠራበት ሥራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ መልሶ ቆመ። ከተሰፋው የአሥር ሺዎች ሴቶች ቁስል ይልቅ እኔ ይህን ኮሌጅ አስበልጣለሁ። ካትሪን መጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

ከምጥ በኋላ ሽንት አልቆም ብሏት ከሰው የተደበቀች ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ሕክምና እንዳለውና በነፃ እንደሚሰጥ ንገሯት። ከአዲስ አበባ ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ የሃምሊን ፊስቱላ ሆስፒታሎች አሉ።