ክታብ፣ ኪታብ እና ሱዶኩ፦ በጀበርቲዎቹ ቤት ያለፈው የቁጥር ሰንጠረዥ



ከሶፊ ወደ ሐረር ለመግባት መኪና ስትጠብቅ ስልክህን አውጥተህ ጊዜ የምትገፋበት ጨዋታ አታጣም። ዛሬ የምናወራው ከነዚያ ጨዋታዎች ስለ አንዱ፣ ስለ ሱዶኩ ነው። ስሙ ጃፓንኛ ስለሆነ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነገር ይመስለናል። ታሪኩን ወደ ኋላ ስንከተለው ግን የሀገራችን ልጆች የልጅ ልጆች ቤት ድረስ ይወስደናል።

መጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው። ሱዶኩ 81 ቤት ያለው ሰንጠረዥ ነው። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በየረድፉ፣ በየዓምዱ እና በየትንሿ ባለ 9 ቤት ካሬ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። መደመርም ማባዛትም የለበትም።

ከሱ በፊት የነበረው ታላቅ ወንድሙ ግን መደመር አለበት። ይህን ተመልከቱ፦

4 9 2
3 5 7
8 1 6

ወደ ጎን፣ ወደ ታች፣ በሰያፍ ደምሩት፤ ሁሌም 15 ነው። ይህ ሰንጠረዥ በጥንቷ ቻይና ይታወቅ ነበር። በሙስሊሙ ዓለም ደግሞ ወፍቅ ተባለ፤ ሲበዛ አውፋቅ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በበስራ የነበሩት ኢኽዋን አስ-ሰፋ ከባለ 3 እስከ ባለ 9 ረድፍ ያሉትን በመልእክቶቻቸው አሳይተዋል። የሒሳብ ሊቁ አቡል-ወፋ አል-ቡዝጃኒም ስለ አሠራሩ ጽፏል።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በአሕመድ አል-ቡኒ ሥራዎች ውስጥ ሌላ ዓይነት ሰንጠረዥ እናገኛለን፤ አንድ ምልክት በአንድ ረድፍና በአንድ ዓምድ የማይደገምበት። የሱዶኩ መሠረታዊ ሕግ ይኸው ነው! አል-ቡኒ ግን የተጠቀመበት ለእንቆቅልሽ ሳይሆን ለክታብ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአማርኛ «ኪታብ» መጽሐፍ ነው፤ «ክታብ» ደግሞ አንገት ላይ የሚታሰር። ሁለቱም «ጻፈ» ከሚል አንድ ሥር የወጡ ናቸው። ሰንጠረዡም እንደ ቃሉ ሁለት መንገድ ያዘ፦ አንዱ የሚመረመር ዕውቀት፣ ሌላው ዕድል ያመጣል ተብሎ የሚታሰር ወረቀት። ሁለተኛው ዑለማዎችን ሲያከራክር ኖሯል።

አሁን ወደ ካይሮ እንሂድ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአል-አዝሀር ከኛ አካባቢ ለሚሄዱ ደረሶች «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ማደሪያ ነበር። ኃላፊዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከዘይላዕና ከሐበሻ ምድር የሚመዘዝ የአል-ጀበርቲ ቤተሰብ ነበሩ። ዘይላዕ ማለት የሐረር ሲራራ ነጋዴ ይወርድባት የነበረችው ወደብ ናት። ከዚህ ቤት ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ (በ1774 እ.ኤ.አ. ያረፉት) በሒሳብና በሥነ ፈለክ ስመ ጥር ሆኑ።

ከዛሬዋ ሰሜን ናይጄሪያ፣ ከካትሲና፣ ሙሐመድ አል-ከሽናዊ የሚባሉ ዓሊም ወደ ካይሮ መጡ። ረድፋቸው ጎዶሎ ቁጥር የሆኑ አውፋቅ እንዴት እንደሚሠሩ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ጽሑፍ ጻፉ። ሸይኽ ሐሰንም ከሳቸው ተማሩ። እንግዳው ዓሊም በ1741 ያረፉትም በኚሁ ሸይኽ ቤት ነበር። ይህን የምናውቀው ልጃቸው፣ ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ፣ ስለጻፉልን ነው። ሁለት አፍሪካውያን ዓሊሞች፣ አንዱ ከምዕራብ፣ አንዱ ሥሩ ከኛ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ቁጥር ሲደረድሩ አስቡት!

ይህ ማለት ሱዶኩን ሙስሊሞች ፈለሰፉት ማለት አይደለም። የማይደግመውን ሰንጠረዥ በአውሮፓ በሰፊው ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው ኦይለር ነው፤ በ1782 ጽሑፉ ታትሟል። የዛሬውን ጨዋታ በ1979 ያወጣው ሐዋርድ ጋርንስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። ጃፓኖች በ1984 ተቀብለው ስም ሰጡት። ዌይን ጉልድ የተባለ ጡረታ የወጣ የሆንግ ኮንግ ዳኛ ደግሞ በ2004 ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ አቀረበው፤ ከዚያ ዓለምን አዳረሰ።

መጀመር ለምትፈልጉ፦

▪️ «ቀላል» ከሚለው ደረጃ ጀምሩ፤ እርሳስና ወረቀት ይበልጣል።
▪️ ብዙ የተሞላውን ረድፍ ወይም ካሬ ፈልጉ፤ የጎደለው ጥቂት ነው።
▪️ ደጋግሞ የሚታየውን ቁጥር ያዙ። 7 በዚህ ረድፍና በዚያ ዓምድ ካለ፣ በዚህች ካሬ የቀረው ቦታው የት ነው? በሉ።
▪️ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በቤቱ ጥግ አሳንሳችሁ ጻፉ፤ ሲወድቁ ሰርዙ።
▪️ አትገምቱ! በትክክል የተሠራ ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ በማሰብ ይደረስበታል። መልሱ አንድ እንዲሆን ቢያንስ 17 ቁጥር መሰጠት እንዳለበትም በ2012 በኮምፒውተር ተረጋግጧል።

ወንድሜ፣ እህቴ፦ ዛሬም በስልካችን ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። አንዱ የቤቲንግ ቁጥር ነው፤ ገምት፣ ዕድልህን ሞክር ይልሃል፤ ኪስህንም ያራግፋል። ሌላው ምክንያትህን አሳይ ይልሃል። የድሮው ሰንጠረዥ ክታብም ኪታብም ሆኖ ነበር። በጁገል የሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ በእጅ የተጻፉ ኪታቦች ተሰብስበዋል፤ በትዕግሥት ተቀምጠው የጻፉ ሰዎች ውርስ ናቸው። የነሱ ልጆች ዕድል ጠባቂ ሊሆኑ አይገባም።

ዛሬ ማታ አንድ ሱዶኩ ሞክሩና ስንት ደቂቃ እንደፈጀባችሁ ጻፉልን። ለጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉ።