የትንሿ ቫልቭ ታሪክ፦ ከኖርድቦርግ ሰገነት እስከ ሚናለሽ ተራ



ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ነገር በመዳፌ ውስጥ ይገባል። መርካቶ፣ ሚናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ መኪና የአየር ማቀዝቀዣ ላይ ከተፈቱ ዕቃዎች መካከል መርጬ የገዛኋት የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት። ወደ ቶርኖ ቤት ወስጄ ከመሐል ለሁለት አስቆረጥኋት። ሠራተኛው «ጋሼ፣ ደህናውን ዕቃ ለምን ያጠፉታል?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። መልሱን ያገኘው ግን ከቆረጣት በኋላ እርሱ ራሱ ነው፤ ውስጧን እያየ ብዙ ቆየ። እናንተም ንግግሩ ሲያልቅ ወደ መድረኩ ቀርባችሁ ትመለከቷታላችሁ።

የአየር ማቀዝቀዣ ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም የምንጀምረው እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር ብሩክሊን ውስጥ ለነበረ ማተሚያ ቤት ከነደፈው ሥርዓት ነው። ትክክል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ታሪክ ስለ ነዳፊው እንጂ ዕቃውን በሺህ በሺህ አባዝተው ስለ ሠሩት እምብዛም አይናገርም። አንድ ማሽን በአንድ ሕንፃ ውስጥ መሥራቱ አንድ ነገር ነው፤ ተቆጣጣሪ ሰው በሌለበት ቤት ሁሉ ውስጥ መሥራቱ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ካጠበቡት ነገሮች አንዷ ይህች ቫልቭ ናት።

ሥራዋን በአጭሩ ላስረዳ። በኮምፕሬሰሩ ተጨምቆ ሙቀቱን ለውጭ አየር የለቀቀው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በከፍተኛ ግፊት ወደ ቫልቯ ይደርሳል። በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፣ ከፊሉ ይፈላል፣ የቀረውም ይቀዘቅዛል። ከዚያ በማትነኛው ጠመዝማዛ ቱቦ ውስጥ እየፈላ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ፈሳሹ ካነሰ ጠመዝማዛው ባዶውን ይቀራል፤ ከበዛም ያልተነነው ፈሳሽ ተመልሶ ኮምፕሬሰሩን ይሰብራል። በቀድሞዎቹ የአሞኒያ ማቀዝቀዣዎች ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ቫልቭ በእጁ የሚያዞር ሠራተኛ ነበር። ግፊትና ሙቀት መለኪያውን እያየ፣ ቱቦውን እየዳበሰ፣ ቀንና ሌሊት።

በ1920ዎቹ ማብቂያ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው መፍትሔ የዚያን ሠራተኛ እጅ በሦስት ኃይሎች ተካው። በማትነኛው መውጫ ላይ ጋዝ ወይም ፈሳሽ የታሸገባት አነስተኛ የመዳብ ብልቃጥ ትታሰራለች፤ መውጫው ሲሞቅ በውስጧ ያለው ግፊት ጨምሮ በቀጭን ቱቦ በኩል አንድ ስስ የብረት ሽፋን ገፍቶ ቫልቯን ይከፍታል። የማትነኛው ግፊትና አንዲት ሞላ ደግሞ ከታች ሆነው ለመዝጋት ይገፋሉ። ኤሌክትሪክ የለም፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ሐሳቡን መረዳት ለእናንተ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው። ሽፋኑን ሚሊዮን ጊዜ ተጣጥፎ እንዳይሰነጠቅ አድርጎ መሥራት፣ መርፌዋንና መቀመጫዋን በሚሊ ሜትር መቶኛ ልክ መቅረጽ፣ ብየዳውን ለዓመታት ጋዝ እንዳያሳልፍ ማድረግ፣ እያንዳንዷን ቫልቭ በበረዶ ውኃ ውስጥ፣ በዜሮ ዲግሪ፣ ሞላዋን እያስተካከሉ መመርመር፤ የትውልድ ሥራ የሆነው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዴንማርክ እንሻገር። የአልስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1864 በፕሩስያ ተይዛ፣ በ1920 በሕዝበ ውሳኔ ወደ ዴንማርክ የተመለሰች የድንበር ምድር ናት። ማድስ ክላውሰን በ1905 ሲወለድ ደሴቲቱ በጀርመን ሥር ነበረች። በ1933፣ በኖርድቦርግ አቅራቢያ፣ በወላጆቹ የእርሻ ቤት ሰገነት ላይ፣ ኋላ ዳንፎስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። የመጀመሪያ ምርቱ ማስፋፊያ ቫልቭ ነበረች።

ለምን በዚያ ዓመት? የዓለም ኢኮኖሚ ወድቆ ስለ ነበር ዴንማርክ በ1932 የውጭ ምንዛሪ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቁማ ከውጭ የሚገባውን ዕቃ በፈቃድ ወስናለች። አሜሪካ ሠራሽ ቫልቭ ማስመጣት አስቸጋሪ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለብዙ ዓመታት ይህን ታሪክ ሳስተምር «የምንዛሪ እጥረት የፋብሪካ እናት ነው» እያልሁ አልፌ ነበር። ለእኛ አገር ተማሪ ይህ አባባል ጆሮ ይገባል፤ የምንዛሪ ወረፋን ለማናውቅ ሰዎች አይደለም የምናገረው። ዛሬ ግን ያ አነጋገሬ ስሕተት ነበር እላለሁ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። በ1934፣ የምንዛሪ ቁጥጥር ባልነበረበት አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ስፖርላን የተባለ የቫልቭ አምራች ተቋቋመ። ያው ምርት፣ ያው ዘመን፣ ግን ያለዚያ አጥር። እጥረቱ ብቻ ፋብሪካ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ሴንት ሉዊስን ምን እንበላት? ደግሞም በዴንማርክ ቫልቭ እንዳይገባ የከለከለው ፈቃድ ናስንና የማሽን መሣሪያንም ያስጨንቅ ነበር። አልስ ላይ ከእጥረቱ በፊት የነበረው ነገር ሌላ ነው፤ ቅቤና የአሳማ ሥጋ ወደ እንግሊዝ የሚልኩ፣ ቅዝቃዜ የግድ የሚያስፈልጋቸው የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ፤ ብረት መቅረጽ የሚችሉ እጆች ነበሩ፤ ሙያውን በማቀዝቀዣ ሥራ ያዳበረ መሐንዲስ ነበረ። አጥሩ በሩን ከፍቶ ይሆናል፤ የገባው ግን ቀድሞውኑ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ነው። ክላውሰን ያንኑ የግፊትና የሞላ ጥበብ ወደ ቤት ማሞቂያ አዙሮ በ1943 የራዲያተር ሙቀት መቆጣጠሪያ መሥራቱም ከእጥረት ይልቅ የተከማቸ ችሎታን ያሳያል።

ወደ መዳፌ ልመለስ። ይህችን የመኪና ቫልቭ ብታስተውሉ፣ ብልቃጥም ሆነ ረጅም ቱቦ የላትም። ነዳፊዎቹ ወደ ማትነኛው የሚገባውንና ከማትነኛው የሚወጣውን መንገድ በአንድ የአሉሚኒየም ብሎክ ውስጥ አሳልፈው፣ መለኪያውን ተመላሹ ጋዝ መሐል አኖሩት። የሚሰበር ቱቦ ጠፋ፣ መጋጠሚያ ቀነሰ፣ ማፍሰሻም ቀነሰ። ይህ የቦታ ቁጠባ ብቻ አይደለም። የ1987ቱ የሞንትሪያል ፕሮቶኮልና የ2016ቱ የኪጋሊ ማሻሻያ ማቀዝቀዣ ጋዞቹን ራሳቸውን ጥፋተኛ ካደረጉ ወዲህ፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ተጠያቂ ሆኗል። በቤት ውስጥ ማሽኖችም በርምጃ የሚዞር ትንሽ ሞተር የሞላውን ቦታ ወስዷል፤ ቀዳዳው ከዝግ እስከ ሙሉ ክፍት በመቶዎች በሚቆጠሩ ርምጃዎች ይሄዳል።

የምሕንድስና ተማሪዎች ካላችሁ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አዲስ አበባ ላይ የከባቢ አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ መለኪያችን የሚያሳየው ግፊት ለባሕር ወለል ከተዘጋጀው ሠንጠረዥ ጋር ሲነጻጸር ወደ 25 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይበልጣል። በመኪኖች ውስጥ በሚገኘው በአር 134ኤ ጋዝ ይህ ልዩነት በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሁለት ዲግሪ ያህል ስሕተት ያመጣል። ሠንጠረዡን ሳያርም «ቫልቯ ተበላሽታለች» ብሎ ጤነኛዋን የሚጥል ባለሙያ ይኖራል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሚናለሽ ተራ የገዛኋትም ምናልባት እንደዚያ የተፈረደባት ትሆናለች፤ ከቆረጥኋት በኋላ አንዳች ጉድለት አላገኘሁባትም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ቻይና ውስጥ ነው። ማሽኑ ከማቀዝቀዝ ወደ ማሞቅ እንዲዞር የምታደርገዋ ባለ አራት መንገድ ቫልቭ ለአሥርት ዓመታት ከአሜሪካው ራንኮ ስም ጋር የተያያዘች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2007 የዚህን ቫልቭ ሥራ የገዛው በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ በሺንቻንግ የሚገኘው ሳንኋ ነው። ሺንቻንግ ቀድሞ ምን ነበራት? እነማን ደጃፏ ላይ ቆመው ነበር? በዚህ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው። አሁን ቅረቡና ቫልቯን እዩ፤ ጠርዙ ስለታም ነውና እጃችሁን ጠብቁ።