ዘይት አዘል ሰፍነግ፦ ስለ አንድ የሞተር ሳይክል ዕቃ ስምና አያያዝ

በደብረ ታቦር ከተማ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለገጠር ሥራ የተመደበች አንዲት ሞተር ሳይክል ሁለት በጋ እንኳ በቅጡ ሳታገለግል ዳገት እንቢ አለች፤ ጭሷ ሰማያዊ ሆነ፤ የሞተር ዘይትም እንደ ቤንዚን ትጨርስ ጀመር። ወደ ጋራዥ ተወስዳ ሞተሯ በተከፈተ ጊዜ በስፍራው ነበርሁና፣ መካኒኩ ሲሊንደሩን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ሲያሳየኝ፣ ልስልስ መሆን የሚገባው ውስጠኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን ጭረት ተሸንትሮ አየሁት፤ የፒስተኑም ፋሻዎች ከማለቃቸው የተነሣ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ስል ሆኖ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን አብሮ የመጣው የጥገና መዝገብ ነው። በየወሩ አንጻር፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ «ፊልትሮ ታጥቧል» የሚል ቃል ሰፍሮበት፣ ፊርማም ታክሎበት ነበር። መዝገቡ አልዋሸም፤ ፊልትሮው በእውነት በየወሩ ታጥቧል። ነገር ግን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ደረቀ ወደ ስፍራው ይመለስ ነበር፤ ዘይት መጠጣት እንደሚገባው ለአጣቢው የነገረው ሰው አልነበረም፤ የዕቃው ስምም ይህን አይናገርም።

ስለዚህ ስያሜው ራሱ አያያዙን የሚያስታውስ አንድ የአማርኛ ቃል ለዚህ ዕቃ ለማቅረብ አስቤ ይህን ጽፌአለሁ።

አስቀድሞ የዕቃውን ግብር እንመልከት። ሞተር በቤንዚን ብቻ የሚኖር ይመስለናል እንጂ ከቤንዚኑ እጅግ የሚበዛ አየር የሚበላ ፍጥረት ነው፤ አንድ ባለ 125 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ በሚዞርበት ሰዓት 3,000 ጊዜ ወደ ውስጥ ይተነፍሳልና፣ ጉሮሮው ተከፍቶ ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ጊዜ እስከ አፉ ቢሞላ በደቂቃ 375 ሊትር፣ በሰዓት 22,500 ሊትር አየር ያልፍበታል ማለት ነው። ይህ ሁሉ አየር ከመንገዱ ጋር የሚነሣውን ትቢያ ይዞ እንዳይገባ በኮርቻው ሥር ወይም በጎን በኩል ባለው ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው፣ ለስላሳና ባለ ብዙ ቀዳዳ የሆነው ነገር ነው መካኒኮቻችን ፊልትሮ የሚሉት። በግብርናና በጤና መሥሪያ ቤቶች ግቢ ዘወትር የምናያቸው ያማሃ ኤጂ 100፣ ያማሃ ዲቲ 125 እና ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 በዚህ ዓይነት ማጣሪያ የሚተነፍሱ ናቸው፤ «ኤጂ» የተባለውም ፊደል የእርሻ ሥራን ስም በአጭሩ የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ ሞተር ሳይክሉ ከመጀመሪያው ለትቢያና ለጭቃ ታስቦ የተሠራ መሆኑን ይመሰክራል።

የደቡብ ጎንደር ትቢያ ደግሞ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ጉና ጥንት የነደደ እሳተ ገሞራ ነውና፣ በፋርጣና በጋይንት ምድር የመንገድ ጠጠር የሚሆነው ጥቁሩ ድንጋይ ከዚያ እሳት የወጣ ጽኑ ዐለት ነው፤ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልዲያ የሚሻገረው ዋና መንገድ አስፋልት ቢለብስም፣ ከእርሱ እየተገነጠሉ ወደ ቀበሌዎቹ የሚወርዱት የጠጠር መንገዶች ከኅዳር ወዲያ በመኪና ጎማ ሥር እየተፈጩ እንደ ዱቄት ይልማሉ። ወደ ፎገራ ሜዳ የወረደ እንደ ሆነ ደግሞ በክረምት ጎማ የሚውጠው ጥቁር መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይበናል። በታኅሣሥና በጥር በየዐውድማው አጠገብ የሚያልፍ ጋላቢ የጤፉን እብቅ በዓይኑና በአፍንጫው ስለሚቀበል ፊቱን በነጠላ ይሸፍናል፤ ሞተሩም ያንኑ እብቅ በዚያው ሰዓት እየተነፈሰ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ አያስብም።

በዚህ ላይ የከፍታው ነገር አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል፣ ነፋስ መውጫም ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚገኙ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ከሚገኘው ከሦስት አራተኛ እንኳ ያነሰ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ገና ከጅምሩ አየር አጥሮት ሳለ፣ ማጣሪያው በቆሻሻ ቢደፈንበት፣ ቤንዚኑ ከአየሩ ልክ በልጦ ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ባለቤቱ ይህን ድካም አይቶ «እንዲተነፍስ» ብሎ ማጣሪያውን ጨርሶ አውጥቶ የጣለ እንደ ሆነ፣ ለጥቂት ሳምንት ሞተሩ እንደ ወጣት ይፈነጫል፤ ቀጥሎ የሚመጣው በመግቢያዬ የተናገርሁት ጭረት ነው።

የማጣሪያው አሠራር እጅግ የሚያስደስት ምሥጢር አለው። ወንፊት የሚይዘው ከቀዳዳው የሚተልቀውን ብቻ ነው፤ ይህ ለስላሳ ነገር ግን ከቀዳዳው እጅግ የሚያንሰውን ብናኝ ይይዛል። ምክንያቱም ቀዳዳዎቹ እንደ ወንፊት ባንድ ገጽ የተዘረጉ ሳይሆኑ ጓዳ ለጓዳ የተያያዙና የተጠማዘዙ ስለ ሆኑ፣ አየሩ ቀላል ነውና በየመታጠፊያው እየተጠማዘዘ ሲያልፍ፣ ብናኙ ግን ክብደት ስላለው መታጠፍ አቅቶት ከግድግዳው ጋር ይላተማል፤ ግድግዳው ዘይት የተቀባ ከሆነ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ደረቅ ከሆነ ግን ነጥሮ ተመልሶ ከአየሩ ጋር መንገዱን ይቀጥላል። ፈጣሪ በአፍንጫችን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጠጉሩ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም ነበር፤ ትቢያውን የሚይዘው ርጥበቱ ነው። ስለዚህ የማጣሪያው ግማሽ ሥራ የሰፍነጉ፣ ግማሹ የዘይቱ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ፊልትሮ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ግራሶ ከሚባሉት ጋር በጋራዦቻችን ቤተኛ ሆኖአል፤ እኔም ከዚያ ይባረር አልልም። ነገር ግን የቃሉ የትውልድ ታሪክ ትምህርት አለው። የድሮ አውሮጳውያን መጠጥና መድኀኒት የሚያጠሉት እንደ ዝተት በተጠቀጠቀ የበግ ጠጉር ስለ ነበር፣ ፊልትሮ የሚለው ስም የመጣው ከዚያው ከተጠቀጠቀው ጠጉር ስም ነው። እነርሱ አዲሱን ዕቃ በእጃቸው በነበረው ነገር ስም ከጠሩት፣ እኛም በእጃችን ባለው ብንጠራው ነውር የለበትም።

በእጃችን ያለው ብዙ ነው። ወንፊትን ካነሣነው ምክንያት የተነሣ ትተነዋል። ማጥለያ የጠላና የጠጅ ነው፤ አሠርን ከፈሳሽ ይለያል እንጂ ትቢያን ከነፋስ አይለይም። ማንጠር የቅቤና የወርቅ ነው፤ እሳት ይፈልጋል። ማጣሪያ የሚለው ከሁሉ የቀረበ ስለ ሆነ «አየር ማጣሪያ» እየተባለ በመጻሕፍትም በአፍም ተለምዶአል፤ ነገር ግን ከወረቀት የተሠራውንም፣ ከጨርቅ የተሠራውንም፣ ከዚህ ከለስላሳው የተሠራውንም ሳይለይ በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ በአያያዝ ፈጽሞ የማይገናኙትን ያቀላቅላል። የወረቀቱ ማጣሪያ ውኃና ዘይት የነካው ዕለት ይሞታል፤ ይህኛው ደግሞ ዘይት ያጣ ዕለት ይሞታል።

የገበያው ሰው ይህን ለስላሳ ነገር ስፖንጅ ይለዋል፤ ስፖንጅ ፍራሽ እንደሚለው ማለት ነው። የዚህ ቃል ነገር ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ጣፋጭ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ቃል ወደ አገራችን የገባው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ወንጌል ከጽርዕ ወደ ግዕዝ በተመለሰ ጊዜ፣ በስቅለቱ ታሪክ ሆምጣጤ የመላበት የባሕር ፍሬ ስም ሰፍነግ ተብሎ ገባ፤ እነሆ በሰሙነ ሕማማት በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ይሰማል። ሁለተኛ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ያው የጽርዕ ቃል በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ፣ ከነጋዴ ጋር ስፖንጅ ተብሎ መጣ። ታላቅና ታናሽ ወንድማማች ናቸው። የሞተር ሳይክሉ ሰፍነግ ከባሕር የወጣ አይደለም፤ ፖሊዩሬታን ከተባለ፣ ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር በ1937 እ.ኤ.አ. ካገኘው ነገር የሚነፋ አረፋ ነው፤ መልኩና ፈሳሽ የመጠጣት ጠባዩ ግን የባሕሩን ይመስላል። ታላቁ ወንድም በቤት ሳለ ታናሹን ብቻ መጥራት ስለማይገባ፣ ሰፍነግ የሚለውን መርጫለሁ።

ከዘይቱ ጋር አያይዤ ለመጥራት በመጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው «ቅቡዕ ሰፍነግ» የሚለው ነበር፤ ለጆሮም ያምራል። ነገር ግን ቅቡዕ የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያናችን የሜሮን፣ የንጉሥና የመሢሕ ስለ ሆነ ወደ ጋራዥ ማውረዱን ኅሊናዬ አልወደደውም። ስለዚህ ውኃ አዘል ደመና እንደምንለው «ዘይት አዘል ሰፍነግ» ብዬዋለሁ፤ በሙሉው ሲጻፍ «ዘይት አዘል የሰፍነግ አየር ማጣሪያ» ይሆናል። አዘል ማለት ሸክሙ የተለየው እንደ ሆነ ስሙም የሚለየው ማለት ነውና፣ ዘይት ያላዘለውን ሰፍነግ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አፉ ራሱ ይገሥጸዋል። ከደብረ ታቦር ጥቂት እልፍ ብሎ በሚገኘው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ገደማ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን መድፍ ባስቀለጡ ጊዜ፣ ስሙን ከሩቅ የጦር ሜዳ ተውሰው ሴባስቶፖል አሉት፤ ለመድፍ የተዋስነው ስም ያስፈራል፤ ለዕለት ሥራ ዕቃ ግን የሚያስፈልገው የሚያስረዳ ስም ነው።

ስለ አስተጣጠቡ፣ ያን ዕለት መካኒኩ በፊቴ ያደረገውን እንዳየሁት እጽፋለሁ። ሣጥኑን በካቻቢቴ ከመክፈቱ በፊት ዙሪያውን በርጥብ ጨርቅ ጠረገ፤ ሰፍነጉን ካወጣ በኋላም ወደ ካርቡሬተሩ የሚወስደውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ወተፈ። ሰፍነጉ ከዳር እስከ ዳር የመሬት መልክ ይዞ ነበር። በትንሽ ሳፋ ላምባ ጨምሮ ነከረውና በሁለት መዳፉ መካከል ይጨምቀው ጀመር፤ እኔም ልርዳው ብዬ ሌላ ሰፍነግ ይዤ እንደ ልብስ ብጠመዝዘው፣ «ኧረ ጋሼ፣ ይጭመቁት እንጂ አይጠምዝዙት፤ ማጣበቂያው ይለቃል፤ ጓዳውም ይቀደዳል» አለኝ። ስለ ቤንዚን ብጠይቀው፣ ብዙ ሰው እንደሚያጥብበት፣ ነገር ግን ማጣበቂያውን እንደሚያሟሟና አጠገብ የከሰል ምድጃ ካለ ቤት እንደሚያቃጥል ነገረኝ። ከላምባው በኋላ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ውኃው እስኪጠራ ድረስ አጠበው፤ ከዚያም ብርቱው የደጋ ፀሓይ ሰፍነጉን ስለሚያስረጀው በጥላ ሰቀለው። ርጥበት እንደ ቀረ ዘይት ቢጨመርበት ዘይቱ ስለማይዋሐደው ፈጽሞ እስኪደርቅ መቆየት ግድ ነው።

ዘይት የማጠጣቱ ሥራ ከማጠቡ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ዘይት አለ፤ ሲቀባ ቀጭን ሆኖ ከቈየ በኋላ እንደ ሙጫ የሚይዝ ነው። እርሱ በማይገኝበት ጊዜ፣ የሆንዳ የድሮ መምሪያ መጻሕፍት ራሳቸው ቁጥሩ 80/90 የሆነ የካምቢዮ ዘይት ያዝዙ ነበርና፣ መካኒኩም የተጠቀመው በዚሁ ነው። በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሰ፣ ሰፍነጉ በሁሉ ስፍራ አንድ መልክ እስኪይዝ ድረስ በጣቶቹ አሸው፤ ነጣ ብሎ የቀረ ስፍራ ትቢያ የሚገባበት በር ነው። ከዚያም የተረፈውን ጨምቆ አወጣ፤ ዘይቱ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወደ ካርቡሬተሩ ወርዶ ካንዴላውን ያበላሻልና። በመጨረሻ ከሣጥኑ ጋር በሚገናኘው ከንፈሩ ዙሪያ ስስ ግራሶ ቀባ። ይህን ከንፈር ብዙዎች ይረሱታል፤ የቱንም ያህል ንጹሕ ሰፍነግ ቢሆን በጠርዙ ስንጥቅ ካለ አየር ሁሉ በዚያች ስንጥቅ ይሾልካል። ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ከጉዞ ሲመለስ በሰፍነጉ በስተኋላ ያለውን የጎማ ቱቦ በነጭ ጨርቅ ይጥረግ፤ ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ትቢያው አልፎአል።

አሮጌው ሰፍነግ ሲጨመቅ የሚፈረፈር ከሆነ መታጠቡ ዋጋ የለውም፤ ፍርፋሪው ራሱ ወደ ሞተሩ ይሳባልና። አዲስ በማይገኝበት ስፍራ ከፍራሽ ቈርጦ ማስገባት ተለምዶአል፤ የሰው ብልኀት ቢሆንም አልደግፈውም። የፍራሹ ስፖንጅ ጓዳዎቹ በስስ ገለፈት በከፊል የተዘጉ ናቸው፤ ለማጣሪያ የሚሆነው ግን ያ ገለፈት በፋብሪካ ተነቅሎለት አየር ከጓዳ ወደ ጓዳ እንዲያልፍ የተደረገ ነው። ስለዚህ ፍራሹ ወይ ሞተሩን ያንቀዋል፤ ወይ በሳሳበት በኩል ትቢያውን ያሳልፈዋል። ከዚህ የሚሻለው ሁለት ትክክለኛ ሰፍነግ መያዝ ነው፤ አንዱ ሥራ ላይ ሳለ ሁለተኛው ታጥቦ፣ ዘይቱን አዝሎ፣ በፌስታል ታስሮ በመሣሪያ ሣጥን ይቀመጣል፤ ወደ ስማዳ ወይም ወደ ታች ጋይንት ቀበሌዎች የወረደ ባለሙያም በማደሪያው ቀያይሮ ይመለሳል። በበጋ በየሳምንቱ ገልጦ ማየት፣ በጠጠር መንገድ ረጅም የተጓዙ ዕለት ደግሞ ሳምንቱን አለመጠበቅ ይገባል። በክረምት ትቢያው ቢተኛም ውኃ ወደ ሣጥኑ ይገባልና መክፈቱ አይቀርም።

ያች ሞተር ሳይክል በአዲስ ፒስተንና በአዲስ ፋሻ ተሠርታ ወደ ግቢዋ ተመለሰች። ያ ጥሩ የእጅ ጽሕፈት የእርሱ የሆነው የመዝገቡ ጠባቂ፣ የነገርሁትን በትዕግሥት ከሰማ በኋላ በማስመሪያ አዲስ ገጽ አሰመረ፤ በመጀመሪያው ዐምድ «ሰፍነጉ ታጥቧል»፣ በሁለተኛው «ዘይት አዝሏል» ብሎ ጻፈ። በጥር መጀመሪያ ሄጄ ገጹን ስገልጥ በሁለቱም ዐምድ ፊርማ ሰፍሮ ነበር፤ በሁለተኛው ፊርማ አጠገብም የዘይት አውራ ጣት ዐርፎበት አየሁ።