ከሰማይ የወረደ ደብዳቤ

ጎንደር ከጣልያን ነፃ የወጣችው መቼ ነው? ብዬ ብጠይቅ ብዙው ሰው ሚያዝያ 27 ይለኛል። አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች። ጀኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው፤ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። የዛሬው ወጌም ከነዚያ ወራት የተቀዳ ነው።

በመስቀል ሰሞን ሊማሊሞ አናት ላይ ያለው የወልቀፊት ምሽግ ወደቀ። ለናሲ የቀሩት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጥቅምት 14 ቀን ኢልደብራንዶ ማላቮልታ የተባለ አብራሪ በአንዲት ፊያት ተነሣ። (እኛ ፊያት ሲባል መኪና ነው የሚመጣብን። ይቺ ግን ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላን ናት።) ከደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል የመጣ ሆፕ የሚባል አብራሪ ግላዲያተር በተባለች፣ እሷም ባለ ድርብ ክንፍ በሆነች አውሮፕላን አገኘውና መትቶ ጣለው። ማላቮልታ ከጎንደር በስተሰሜን አምባዞ አጠገብ ወድቆ ሞተ። በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ተመትታ የወደቀች የመጨረሻዋ የጣልያን አውሮፕላን የሱ ነበረች።

በማግስቱ ሆፕ ተመልሶ መጣ። አምባዞ ባለው የጣልያን ምሽግ ላይ የጣለው ግን ቦምብ አልነበረም፤ ወረቀት ነው። ለፊያቷ አብራሪ የክብር መታሰቢያ ይሁን፣ ጀግና ሰው ነበር የሚል፤ ከግርጌው የአየር ኃይሉ ስም ብቻ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን አሳጥራችሁ ጻፉ እያልኩ ስጨቀጭቅ ይህን ወረቀት አላውቀውም ነበር እንጂ፣ አንብቤላቸው እገላገል ነበር። ማላቮልታን አገሩም አልረሳችውም፤ የወርቅ ሜዳልያ ሰጥታዋለች።

ደብዳቤው ልቤን ነክቶታል፣ አልዋሽም። ግን ደግሞ ያናድደኛል።

ለምን በሉኝ። በታኅሣሥ 1928 የወገራና የስሜን ሰው ከደጃዝማች አያሌው ብሩ ጋር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ዘምቶ ነበር። ተከዜ ላይ የጣልያን አውሮፕላኖች በርሜል ሙሉ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ሰው ቆዳው ተላጠ፣ ዓይኑ ጠፋ። በማግስቱ ተመልሶ ወረቀት የጣለለት አልነበረም። ከዚያም አምስት ዓመት ሙሉ አርበኛ ገብቶበታል የተባለ መንደር በቦምብ ሲቃጠል ኖረ። እንግሊዞቹስ? ጣልያን ፋሲል ግቢን መሥሪያ ቤት አድርጎት ነበርና ግቢው በነሱ ቦምብ ተመታ፤ የኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣራውን አጣ። ጠላትና ወዳጅ ከላይ ሆነው ሲከባበሩ እኛ ከታች ነበርን ማለት ነው።

ማላቮልታን አትዘኑለት እያልኩ አይደለም። ጦርነቱ ማለቁን እያወቀ ብቻውን መነሣት የፈሪ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ወር፣ በዚያው ተራራ ሥር፣ ክንፍ የሌላቸው ሰዎች በባዶ እግር ይዋጉ ነበር። ቢትወደድ አዳነ መኮንን ነበሩ። ውብነህ ተሰማ ነበሩ፤ የሳቸውማ ቅጽል ስም ራሱ «አሞራው» ነው! የአለቆቹን ስም መጻሕፍት ይዘውልናል። ከኋላቸው የተከተለውን ገበሬ ግን ማን ጻፈው?

ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ላይ ያለው የቁልቋል በር ምሽግ የተሰበረው ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት ነው። የኛ አርበኞች ከእንግሊዝና ከአፍሪካ ወታደሮች ጋር ዳገቱን ወጥተው ተዋጉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ። እኔ ኅዳር ሚካኤል ጎንደር ካገኘኝ ለነሱ ጧፍ አበራለሁ።

«ለማላቮልታስ?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ይህን ሳጫውታት።

ለሱማ ሆፕ ጽፎለታል።